ገሱባ ላይ ቤት ሲገዙ የሚገዙት ምንድን ነው?

እንደ ገሱባ ባለ የወረዳ ከተማ ደላላ «ቤት አለ» ብሎ ሲደውል በአንድ ቃል ሦስት የማይገናኙ ዕቃዎችን እየሸጠ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከተማው ውስጥ ካርታ ያለው፣ ግብሩ የተከፈለ፣ ቆርቆሮው የዛገ የጭቃ ቤት ነው። ሁለተኛው በሊዝ ተወስዶ መሠረቱ ብቻ የወጣ፣ ባለቤቱ ገንዘብ ያጠረው ቦታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከከተማው ጫፍ፣ የገበሬው እንሰትና ቡና ከቆመበት ጓሮ ተቆርሶ በአራት ችካል የተከለለ መሬት ሲሆን፣ «ቤት» የሚባለው ለምልክት የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሦስቱም በካሬ ሜትር ይጠራሉ፤ ሦስቱም ላይ ቀብድ ይጠየቃል። ዋጋቸውን ማነጻጸር ግን ስህተት ነው፤ የሚሸጠው ነገር አንድ አይደለምና።

የኦፋ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ገሱባ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። የቤት ገበያዋን ከሶዶ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከዚያ በፊትም በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ተከራይና ቤት ፈላጊ ሲያመጣላት ቆይቷል። ሶዶ ላይ ቦታ የተወደደበት ሰው ዓይኑን ወደ አነስተኞቹ ከተሞች ይጥላል፤ አረካን፣ ቦዲቲን፣ ገሱባን ይጠይቃል። ደላላውም «ሶዶ እኮ ይህን ያህል ደርሷል» እያለ የገሱባን ዋጋ በሶዶ ሚዛን ይመዝናል።

ይህ ሚዛን ምን ያህል ያስኬዳል? ጀርመናዊው ፎን ቱነን እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው ሥራ የመሬት ዋጋ ከገበያው ማዕከል በራቁ ቁጥር እንደሚወርድ፣ የሚወርደውም ማጓጓዣ በሚበላው ልክ እንደሆነ አሳይቷል። እሱ ያሰበው ስለ እህልና ስለ ማገዶ እንጨት ነበር፤ ነገሩ ግን ለሰውም ይሠራል። ሶዶ ውሎ ገሱባ የሚያድር ሰው በየቀኑ የሚከፍለው የትራንስፖርት ታሪፍና የሚያባክነው ሰዓት ከቤቱ ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ስለመጣ ርቀት ራሱ ተወዷል። እንግዲህ «ሶዶ ስለጨመረ ገሱባም ይጨምር» የሚለው የደላላ ስሌት የታሪፉን ጭማሪ ሳይቀንስ የሚያልፍ ግማሽ ስሌት ነው። ገሱባ ላይ ዋጋን ሊያቆም የሚችለው እዚያው የሚኖርና የሚሠራ ሰው ነው፦ የወረዳው ሠራተኛ፣ መምህሩ፣ የገበያ ቀን ነጋዴው፣ አዲስ አበባ ሠርቶ አገር ቤት ቤት ማቆም የሚፈልገው የአካባቢው ተወላጅ።

ግድግዳውና ወረቀቱ

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በዚህ አገር መሬት በሕግ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶ፣ ዜጋው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራውን ቋሚ ንብረት የመሸጥ መብት ሰጥቶታል። በሕግ የሚሸጠው ግድግዳው፣ ጣሪያውና አጥሩ ነው ማለት ነው። ገበያው ግን የሚሸጠው ሌላ ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ባለሦስት ክፍል የጭቃ ቤት 1,500,000 ብር ተጠየቀበት እንበል። ያንኑ ቤት ዛሬ በአዲስ እንጨት፣ ጭቃና ቆርቆሮ ለማቆም 700,000 ብር ይፈጃል። ቤቱ ግማሽ ዕድሜውን በልቷልና የግንባታው ዋጋ 350,000 ብር ነው። ቀሪው 1,150,000 ብር የምን ነው? የቦታው ነው፤ በትክክል ለመናገር ግን በቦታው ላይ የመቆየት መብት የሚያረጋግጠው ወረቀት ዋጋ ነው። ገዢው ከከፈለው ከ4 ብር 3ቱ ያህል ለወረቀት ሄደ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ገዢ ግድግዳውን በጡጫ እየመታ፣ ቆርቆሮውን እያንጋጠጠ ግማሽ ቀን ይፈጅና ካርታውን በፎቶ ኮፒ አይቶ ይሄዳል።

ካርታው መታየት ያለበት ማዘጋጃ ቤት ካለው ማህደር ጋር ነው። በማን ስም ነው? ስፋቱ መሬት ላይ ከተለካው ጋር ይገጥማል? እግድ ወይም የባንክ መያዣ አለበት? ቤቱ የመንገድ መስመር ውስጥ ይገባል? በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከወጣ ወዲህ የመጨረሻው ጥያቄ ክብደቱ ጨምሯል። ቀድሞ «አስፋልት ዳር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ ያስጨምር ነበር፤ ዛሬ አስተዋይ ገዢ አስፋልት ዳር ሲባል ከመሐል መንገዱ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይጠይቃል።

በተለይ በወላይታ አንድ ነገር አይዘንጋ። መሬት ጠባብ፣ ቤተሰብ ሰፊ ነው። ካርታው በሟች አባት ስም ሆኖ ሻጩ ታላቅ ልጅ የሆነበት ሁኔታ የተለመደ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ካልወጣና ወንድምና እህት ሁሉ ካልፈረሙ፣ ወይም ሕጋዊ ውክልና ካልሰጡ፣ ቤቱ የተሸጠው በከፊል ነው። አንዷ እህት ሻሸመኔ ወይም ዝዋይ ሆና ከሦስት ዓመት በኋላ ድርሻዋን ብትጠይቅ ያን ጊዜ የገዢው ክርክር ከሻጩ ጋር ሳይሆን ከሕግ ጋር ይሆናል። የትዳር ጓደኛም እንዲሁ ነው። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ በአንቀጽ 68 ይከለክላል፤ ያልተስማማው ወገንም ውሉን መፈጸሙን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአካባቢውን ማጣራት ግድ ነው። ሻጩ «ሚስት የለኝም» ቢል ቃሉ አይበቃም፤ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ።

ቀብድ የምርጫ ዋጋ ነው

ኢኮኖሚስቶች «የምርጫ መብት» የሚሉትን ነገር የእኛ ገበያ ቀብድ እያለ ሲጠቀምበት ኖሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል፦ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ይህን ሕግ በሒሳብ እናስላው። 1,500,000 ብር ለተባለው ቤት ገዢው 50,000 ብር ቀብድ አስያዘ። በሳምንቱ ሌላ ሰው 1,650,000 ብር አቀረበ። ሻጩ 100,000 ብር ቢመልስ ከኪሱ የሚወጣው 50,000 ብር ነው፤ ከአዲሱ ገዢ 150,000 ብር ብልጫ ያገኛል፤ 100,000 ብር አተረፈ። ለምን አይክድ? ቀብዱ 150,000 ብር ቢሆን ኖሮ ግን 300,000 ይመልስ ነበር፤ ከኪሱ የሚወጣው 150,000 ብርና ብልጫው እኩል ስለሚሆኑ ክህደቱ ትርፍ የለውም። ዋጋ በሚጋልብበት ወቅት ትንሽ ቀብድ ለገዢው ቁጠባ መስሎ ይታያል፤ በተግባር ግን ለሻጩ የተሰጠ የመውጫ በር ነው። ዋጋ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ደግሞ በሩ ለገዢው ይከፈታል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ወረቀቱ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ እጥፍ የመመለሱ ነገር ሊቀር ይችላል፤ ቃሉ «ቀብድ» ይሁን። ሌላው፣ ዋናው ውል በሕግ ፊት ካልቆመ ቀብዱም የሚቆምበት ሊያጣ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲሆን ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞ፣ በዚህ መልክ ያልተደረገ የቤት ሽያጭ እንደ ረቂቅ ብቻ የሚቆጠር መሆኑን አመልክቷል። ኋላ የመጡ ውሳኔዎች ተዋዋዮቹ ውሉን ካልተካካዱ ነገሩ ሊለይ እንደሚችል አሳይተዋል። ነገር ግን ዋጋ እጥፍ ሲሆን ሻጭ አይክድም ብሎ መተማመን የነጋዴ ሥራ አይደለም። በሦስት ሽማግሌ ፊት፣ በደብተር ወረቀት ላይ የተፈረመ ውል ክብር አለው፤ ዳኛ ፊት ግን የሚመዘነው በክብሩ አይደለም።

ውል ላይ ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍም የተለመደ ብልጠት ነው፤ የቴምብርና የግብር ሒሳብ ለመቀነስ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 ለስመ ንብረት ዝውውር 2 በመቶ ጥሎ ነበር፤ በ1,500,000 ብር ላይ 30,000 ብር መሆኑ ነው። ውሉ ላይ 600,000 ብር ብቻ ቢጻፍ 18,000 ብር ይተርፋል። ውሉ በኋላ ቢፈርስ ግን ገዢው በጽሑፍ ማስረዳት የሚችለው 600,000 ብር ብቻ ነው። 18,000 ብር ለማትረፍ 900,000 ብር ያለ ማስረጃ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንደሆነ ለዚህ ጸሐፊ አልተገለጸለትም። በዚያ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ግምት ሊያስከፍል ይችላል።

ነባር ይዞታና ግማሽ የቀረ ግንባታ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚስተው ነጥብ ይህ ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንደሚይዝ ደነገገ። ሻጩ ለዓመታት አነስተኛ የቦታ ኪራይ ሲከፍል ኖሯል፤ ገዢው ግን የሊዝ ባለዕዳ ሆኖ ይጀምራል። የሻጩን የግብር ደረሰኝ አይቶ የራሱን ወጪ የገመተ ሰው ተሳስቷል። የሊዝ መነሻ ዋጋው በየከተማውና በየደረጃው ስለሚለይ፣ ሕጉም ስለሚሻሻል፣ ከመዋዋል በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቆ ይህን ዕዳ ከሚያቀርበው ዋጋ ላይ መቀነስ ይገባዋል።

ግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታም ወጥመድ አለው። ይኸው አዋጅ ግንባታው ከመጀመሩ ወይም ከመጋመሱ በፊት መብቱን ማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው በማዘጋጃ ቤቱ ቁጥጥር ሥር እንዲያስተላልፍ፣ የሚያገኘውም የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው ሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ እንዲሆን አድርጎ ነበር። ሐሳቡ መሬት እያገላበጡ መነገድን ማቆም ነው። ስለዚህ መሠረት ብቻ የወጣበትን ቦታ «በውስጥ ውል» ልሽጥልህ የሚል ሰው ሲመጣ፣ የሚሸጠው ሕግ የማያውቀውን ትርፍ ነው። ያንን ትርፍ የከፈለ ገዢ ገንዘቡን የት ብሎ ይጠይቃል?

የከተማው ጫፍ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ርካሹ «ቤት» ከከተማው ጫፍ ያለው የገበሬ መሬት ነው፤ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን ሁሉ የሚያድጉት ወደዚያ ነው።

ገበሬው ለምን ይሸጣል? ስግብግብነት ነው ወይም የዋህነት ነው የሚል ሰው የገበሬውን ሒሳብ አላየም። ከተማው ወደ እሱ እየመጣ መሆኑን ያውቃል። ፕላን ሲደርስበት መሬቱ በካሳ ይወሰዳል። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለቋሚ ተነሺ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ካሳ ያስብ ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ምትክ መሬት ላላገኘ ተነሺ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ችግሩ ስሌቱ የሚነሳው መሬቱ በሚያወጣው እንሰት፣ ቡናና በቆሎ ላይ ሲሆን፣ ገበያው የሚከፍለው ደግሞ ነገ በሚቆምበት ቤት ላይ መሆኑ ነው። በወላይታ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር አያልፍም። ትንሽ ማሳ ትንሽ ገቢ፣ ትንሽ ገቢ 15 ጊዜ ቢባዛም ትንሽ ካሳ ነው። ስለዚህ ገበሬው ካሳው ሳይደርስ በጨረቃ ከ200 ካሬ ከ200 ካሬ እየቆረሰ ይሸጣል። በእሱ በኩል ስሌቱ ትክክል ነው። አደጋውን የሚሸከመው ገዢው ነው፤ ከገዢውም ቀጥሎ ማሳ የማይደርሳቸው የገበሬው ልጆች።

ሽያጩ በስሙ ስለማይጠራ ልዩ ልዩ ልብስ ይለብሳል። አንዳንዱ የብድር ውል ነው፦ ገበሬው ይህን ያህል ብር ተበድሮ መሬቱን በመያዣ ሰጥቷል ይላል። አንዳንዱ ስጦታ፣ አንዳንዱ የረጅም ዘመን ኪራይ፣ አንዳንዱ በስም ብቻ ያለ የጎጆ ቤት ሽያጭ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሽያጭ መሆኑ ከታወቀ ሕገ ወጥ ውል ነውና ሁለቱም ወገን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ገዢው «ቢያንስ ገንዘቤን አገኛለሁ» ብሎ ይጽናናል።

እስቲ እናስላ። 300,000 ብር ከፍሎ ከ5 ዓመት በኋላ 300,000 ብር ተመለሰለት እንበል። በእነዚህ ዓመታት ግሽበቱ በአማካይ 20 በመቶ ቢሆን (በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት ወቅት እንደነበር አይረሳም) የዋጋ ደረጃው ወደ 2.5 እጥፍ ያድጋል። የተመለሰለት ገንዘብ የመግዛት አቅም 120,000 ብር ያህል ነው። ወደ ነበረበት አልተመለሰም፤ ገበሬው ለ5 ዓመት ያለ ወለድ ተበደረው እንጂ።

«ቢሆንም ርካሽ ነው» የሚል ይኖራል። ርካሽነቱን በዕድል እንመዝነው። ካርታ ያለው ተመሳሳይ ቦታ 800,000 ብር፣ የጫፉ መሬት 250,000 ብር፣ ለምልክት የምትቆመው ክፍል 60,000 ብር ይሁን። ገዢው 310,000 ብር አወጣ። 310ን ለ800 ሲካፈል 39 በመቶ ግድም ይመጣል። ከ10 ጊዜ 4 ጊዜ ያህል «ሕጋዊ ይሆናል» ብሎ በማስረጃ ካላመነ ግዢው ከመነሻው ኪሳራ ነው፤ ያውም የሚጠብቀው ዓመት ሳይቆጠር። ማስረጃ ማለት ደግሞ የጸደቀ የከተማ ፕላንና የማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ነው። «ጎረቤቱ ካርታ ወጥቶለታል» የሚለው ወሬ ማስረጃ አይሆንም። ቀድሞ በተለያየ ጊዜ ለጨረቃ ቤቶች ሕጋዊነት የሰጡ ውሳኔዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ደላላው የሚሸጠውም የዚያን ተስፋ ነው። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ለቆመ ቤት ሲፈርስ ካሳ የለውም፤ ዶዘር ሲመጣ ደላላው ስልክ አያነሳም።

ለማከራየት ለሚገዛ

ትርፍ አስቦ የሚገዛ ሰው የኪራዩን ሒሳብ ቀድሞ ይሥራ። 1,500,000 ብር የወጣበት ቤት በወር 6,000 ብር ቢከራይ በዓመት 72,000 ብር፣ ማለትም 4.8 በመቶ ነው፤ ጥገናና ግብር ሳይነሳ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎት ነበር። ስለዚህ በኪራይ ብቻ ቤቱ ከባንክ ደብተር ያንሳል። ገዢው በእርግጥ የሚጫወተው በዋጋ ጭማሪው ላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ብር ሲወርድ ብረትና ቆርቆሮ ስለሚወደዱ የቆመ ቤት ዋጋ አብሮ ይነሳል የሚለው ክርክር ውኃ ያነሳል። ለግንባታው ክፍል ብቻ ግን ነው። ከላይ እንዳየነው የዋጋው ትልቁ ክፍል ወረቀቱ ነው፤ ወረቀት በምንዛሪ አይገዛም።

ሌላው የመሸጫ ጊዜ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ገዢ ጥቂት ነው፤ ብድርም እንደልብ አይገኝም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ አላላው። ጎሕ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ለቤት ብድር ብሎ ሥራ ቢጀምርም የወረዳ ከተማ ግዢ ዛሬም በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው። ባንክ ለገዢው አንድ ነፃ አገልግሎት ግን ይሰጣል፦ «ይህን ካርታ በመያዣ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ «አንቀበልም» ከሆነ ምክንያቱን ማወቅ ከየትኛውም ደላላ ምክር ይበልጣል።

ስለ ወቅትም አንድ ነገር እንበል። ለጊፋታ በመስከረም ወር አገር የሚገባው ተወላጅ ኪሱ ሞልቶ፣ ቀኑ አጥሮ ነው የሚመጣው። ሻጭም ደላላም ይህን ያውቃሉ። በዓል ላይ ቀብድ ከማስያዝ በሐምሌ መጥቶ ማየት ይሻላል። ጭቃው የት እንደሚደርስ፣ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ ጉድጓዱ ውኃ መቋጠሩን ክረምት ያሳያል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚሁ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የመሬት ናዳ ሕይወት አጥፍቷል፤ ተዳፋት ላይ ያለ ቦታ «አየሩ ጥሩ ነው» ሲባል ከበላዩ ያለውን ገደል ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ክፍያው በደረጃ ይሁን። ቀብድ ማህደሩ ከታየ በኋላ፣ ትልቁ ክፍያ ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ሲፈረም በባንክ ዝውውር፣ የመጨረሻው ደግሞ (ቢያንስ ከ10 እጅ አንዱ) ስመ ንብረቱ ዞሮ አዲሱ ካርታ በገዢው ስም ሲወጣ። የሻጩን ግብር ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሕንፃ ሽያጭ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ጥሎ ለግል መኖሪያነት ያገለገለ ቤትን ነፃ አድርጎ ነበር፤ ሻጩ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካልያዘ ክሊራንስ አይወጣለትም፤ ክሊራንስ ካልወጣ ስሙ አይዞርም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ስላለ፣ ገሱባ ላይ በምን ምጣኔ እንደሚታሰብ ማዘጋጃ ቤቱን በዚያው ቀን ጠይቆ መውጣት ነው።